ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና በየካቲት የታጨደው ትውልድ

አንድን የተማረ ሰው ለማፍራት ሃያ ወይም ሃያ አምስት ዓመት ያስፈልጋል፤ እርሱን ለመግደል ግን አንዲት ጥይት ትበቃለች። ይህን ነገር በመጽሐፍ ሳይሆን በራሳቸው ኑሮ አይተው ያለፉ አንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እኒህም ሰው ከአገራችን ተወላጆች መካከል በዘመናዊ የሕክምና ትምህርት ከተመረቁት ሁሉ ቀዳሚ የሆኑት አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ስማቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ የካቲት 12 በሚታሰብበት ጊዜ እምብዛም አይነሡም። እኛ ግን ፋሽስት ኢጣልያ በ1929 ዓ.ም. በሕዝባችን ላይ ያደረሰው ፍጅት ምን ዓይነት ወንጀል እንደ ነበረ ለመረዳት ለሚሻ ወጣት፣ የእኒህን ሰው የሕይወት ታሪክ መከተል ጥሩ መንገድ ነው እንላለን።

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። ገና የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ሳሉ፣ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ዐረፉ። በዚያ ግርግር ሕፃኑ ከወላጆቻቸው ተለይተው ተገኙ። ጄኔራል ናፒየር የመቅደላን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ አስጭኖ በወረደ ጊዜ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። ሕፃኑን ወርቅነህን ደግሞ ቻምበርሌን የሚባል የጦር መኮንን ወደ ህንድ ይዟቸው ሄደ። በኋላም ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ስለ ቻለ፣ ቻርልስ ማርቲን ተብለው በባዕድ ስም አደጉ።

ልዑል ዓለማየሁ አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ ገና በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በባዕድ ምድር ሞቱ። ወርቅነህ ግን ዕድል ቀናቸው። በላሆር ሕክምና ተምረው፣ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አስፋፍተው፣ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነው ሲሠሩ የዓድዋ ድል ወሬ ደረሳቸው። ከዚያ በኋላ አላስቻላቸውም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ፈቃድ ጠየቁና ወደ አዲስ አበባ መጡ። ዳግማዊ ምኒልክም በደስታ ተቀበሏቸው። አማርኛ ጠፍቶባቸው ስለ ነበረ ከገዛ ወገኖቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። በመቅደላ ጊዜ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ አያታቸው መጥተው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው ዐወቋቸው። የእሸቴ ልጅ ወርቅነህ መሆናቸውም በዚህ ተረጋገጠ።

ጠቅልለው ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ ያልሠሩት የሥራ ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መርተዋል፤ በልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው በሄዱ ጊዜ፣ በኒውዮርክ ሐርለም ከሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው፣ ባለሙያዎቹ መጥተው በኢትዮጵያ እንዲሠሩ ጋብዘዋል። በ1920ዎቹ መጀመሪያም የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ ጨርጨርም ለሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች የአስተዳደር ምሳሌ እንድትሆን የታሰበች አገር ነበረች። በመጨረሻም ወራሪው በድንበር ላይ ሲዘጋጅ በለንደን የኢትዮጵያ መንግሥት መልእክተኛ ሆኑ።

እንግዲህ እኒህ ሰው ዕውቀት ከባዕድ እጅ በመከራ የተገኘ ሀብት መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ለልጆቻቸው ያወረሱት ይህንኑ ነበር። ከወይዘሮ ቀጸላ ቱሉ ከወለዷቸው ብዙ ልጆች መካከል ቤንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር የመሐንዲስነት ትምህርት ተማሩ። አባታቸው እንደ ምርኮ በሄዱበት መንገድ ልጆቹ በክብር ሄዱ፤ ጦርነቱ በተነሣ ጊዜም እንደ አባታቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ጦርነቱ ሲጀመር ሐኪም ወርቅነህ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ዓመት ደርሶ ነበር። በለንደን ሆነው ለቀይ መስቀል ገንዘብ ሲያሰባስቡ፣ በሠራዊታችን ላይ ስለሚረጨው የመርዝ ጋዝ ለዓለም ሲያሰሙ፣ ወዳጅ ሲፈልጉ ዋሉ። ከወዳጆቻቸውም አንዷ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበሩ። እኒህ እንግሊዛዊት በግንቦት 1936 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ፤ ከአገር ውስጥ ሾልኮ የወጣው የምስክሮች ቃል ሁሉ እየታተመ ለዓለም የሚዳረሰው በዚሁ ጋዜጣ ነበር።

ልጆቹ ግን ከጦሩ ሜዳ ነበሩ። አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች በወለጋ ተሰብስበው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። መሪያቸው የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ፤ ቤንያምና ዮሴፍም ከማኅበሩ አባሎች ነበሩ። በሰኔ ወር በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሌሊት አቃጥለው፣ ጄኔራል ማልዮኮንና ጓደኞቹን ገደሉ። ከዚያም ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ሆነው ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢዘልቁም፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድኆች ምጽዋት ሲያሰጥ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ፤ ግቢው በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ በተተኮሰ ጥይት ሬሳ በሬሳ ሆነ። ወዲያውም የፋሽስት ፓርቲ ሹም ጊዶ ኮርቴሴ ተከታዮቹን በከተማው ላይ ለቀቃቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በዱላና በካራ ተገደለ፤ ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ቤንዚን እየተርከፈከፈባቸው ተቃጠሉ። ይህን ሁሉ ያወቅነው ከእሳቱ አምልጠው ቃላቸውን ከሰጡ ሰዎች፣ እንዲሁም በከተማው ይኖር ከነበረው ከሃንጋሪያዊው ሐኪም ከዶክተር ሳቫ የዓይን ምስክርነት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። ከእሳቱ ያመለጠ ሰው ያየውን ያውቃል፤ ትእዛዙ ከየት እንደ መጣ ግን ሊያውቅ አይችልም። በእርሱ ዓይን ነገሩ የቆሰለ አውሬ የሦስት ቀን ቁጣ ይመስላል። ቴሌግራሙን የጻፈው ሹም ደግሞ ትእዛዙን ያውቃል፤ የገደለውን ግን አሳንሶ ይቈጥራል፤ በየጎጆው የተቃጠለውን ድኻ ከቶ አይጽፍም። የታሪክ ጸሐፊ ሥራ እኒህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር ነው። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎ አስታውቋል፤ ምስክርነቱንና ሰነዱን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 19,000 እንደሚጠጋ ገምቷል። ቁጥሩ ቢለያይም፣ ከአዲስ አበባ ነዋሪ እጅግ ብዙ መጥፋቱን ሁለቱም ይመሰክራሉ።

ሰነዶቹ ከተነበቡ በኋላ ግን ከቁጥሩ የባሰ ነገር ተገለጠ። ሙሶሊኒ አዲስ አበባ ከመያዟ ከሁለት ቀን በፊት፣ በሚያዝያ 25 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ወጣት ኢትዮጵያውያን የሚባሉት የተማሩ ሰዎች ያለ ምሕረት እንዲረሸኑ ለባዶልዮ በቴሌግራም አዝዞ ነበር። ይህም ቦምቡ ከመወርወሩ ዘጠኝ ወር በፊት መሆኑ ነው። እንግዲህ የካቲት 12 ለግድያው ሰበብ ሆነ እንጂ ምክንያቱ አልነበረም። ግድያውም በሦስት ቀን አላበቃም። በመጋቢት ወር ወሬ ከአገር አገር ያዛምታሉ የተባሉት አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን ተለቅመው እንዲገደሉ ታዘዘ፤ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት ተረሸኑ። ከሞት የተረፉት ብዙዎች ወደ ኖኩራና በሶማልያ ወዳለችው ወደ ደናኔ ተጋዙ። በደናኔ ከሦስት ዓመት በላይ የታሰሩ አንድ ምስክር በመሐላ በሰጡት ቃል፣ ወደዚያ ከወረዱት 6,500 እስረኞች 3,175 መሞታቸውን አስመዝግበዋል። የሚጽፈውን፣ የሚዘፍነውን፣ የሚጸልየውንና የሚያስተምረውን እየለየ የሚያጠፋ ጠላት፣ ሊያጠፋ የፈለገው ሰውን ብቻ ሳይሆን ሕዝብ ሆኖ መኖርን ጭምር ነው።

ቤንያምና ዮሴፍ ወርቅነህ ከየካቲት 12 በኋላ ከተገደሉት መካከል ናቸው። ያልተኮሱበትን ቦምብ ዕዳ ከፈሉ፤ ትልቁ ወንጀላቸው ተምረው መገኘታቸው ነበር። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ፣ በካምብሪጅ የተማረው ፈቃደ ሥላሴም እንደዚሁ ተገደለ። ከሆለታ የወጡት ወጣት መኮንኖችና የጥቁር አንበሳ ጓዶች አብዛኞቹ አለቁ። ባሕር ማዶ የነበሩት ሽማግሌው ሐኪም፣ በሕፃንነታቸው ጦርነት ከወላጆቻቸው ለያቸው፤ በእርጅናቸው ደግሞ ጦርነት ከልጆቻቸው ለያቸው። ዕለት ዕለት የሆነውን የመጻፍ ልማድ የነበራቸው ሰው በመሆናቸው፣ ትተውት ያለፉት የቀን መዝገብ ዛሬ ለታሪክ አጥኚዎች ታላቅ ምንጭ ሆኗል፤ የሕይወት ታሪካቸውን በእንግሊዝኛ የጻፈው ፒተር ጋረትሰንም ከዚሁ መዝገብ ብዙ ቀድቷል።

በውጭ አገር ቋንቋ ይህን የመሰለውን ወንጀል የሚጠራ ቃል በዚያን ጊዜ አልነበረም። ራፋኤል ሌምኪን የሚባል ፖላንዳዊ የሕግ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1944 ዘር ማጥፋትን የሚያመለክተውን ቃል በፈጠረ ጊዜ፣ የአንድን ሕዝብ ምሁራን ለይቶ መግደል ከዚህ ወንጀል መንገዶች አንዱ መሆኑን ጽፏል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1948 ስለዚሁ ወንጀል ስምምነት አወጣ። ያን ስምምነት ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀድማ በሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። በእውነትም ይህን ለማድረግ ከእርሷ የተሻለ ምክንያት የነበረው አገር ጥቂት ነው።

ፍርዱ ግን አልመጣም። የኢትዮጵያ መንግሥት የምስክሮችን ቃልና የጠላትን ቴሌግራሞች ሰብስቦ፣ ባዶልዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የተፈላጊዎችን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን አቀረበ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሰዎች አንድም በኢትዮጵያ ላይ ስላደረሰው በደል በፍርድ ቤት አልቆመም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ብቻ ነበር፤ እርሱም ብዙ ሳይታሰር ተለቀቀ። የኢጣልያ መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጣሉን በግልጽ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠራለት። ፍርድ በሌለበት አገር የሐሰት ሐውልት እንዲህ ይበቅላል፤ የሚነቅለውም በሚገባ የተጠበቀ ሰነድና በሚገባ የተመዘገበ ምስክርነት ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ በአገራቸው ኖረው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ ሚኒስቴሮቿን፣ ትምህርት ቤቶቿንና ሆስፒታሎቿን እንደ ገና ስታቋቁም፣ በእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የጎደለ ወንበር ነበረ። በሃምሳ ዓመት ዕድሜያቸው ሊያስተምሩ፣ ሊመክሩና ሊመሩ ይገባቸው የነበሩት ሰዎች በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ተቀብረዋል። የፍጅት ጉዳት የሚቈጠረው በሬሳ ብቻ አይደለም፤ ሳይሠራ በቀረ መንገድ፣ ሳይከፈት በቀረ ትምህርት ቤት፣ አስተማሪ ባጣ ተማሪም ይቈጠራል።

ቦምቡ የተወረወረበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ዛሬም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ከኮልፌ ወይም ከቀራንዮ በማለዳ ተሳፍሮ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ፣ በሰማዕታቱ ሐውልት አጠገብ አልፎ የሚገባበት በር ያ በር ነው። በሥራ ላይ ያለው ወጣት ሹምም ቢሆን፣ አንድ አቤቱታ ሲቀበል፣ የአንድ ሽማግሌ ቃል ሲመዘግብ፣ ቀኑንና ቦታውን በትክክል ቢጽፍ፣ ወረቀቱንም ቢጠብቅ ታናሽ ሥራ የሠራ አይምሰለው። የቤንያምና የዮሴፍ ሞት ዛሬ ሊካድ የማይቻለው፣ አንድ ሰው አይቶ ስለ ተናገረ፣ ሌላውም ሰምቶ ስለ ጻፈ ነው።