እናታቸውን ዳግም ያላዩት ማዘር ቴሬዛ

በ1928 አግነስ የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ዛግሬብ ባቡር ጣቢያ ላይ እናቷን ተሰናበተች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ልትመነኩስ መጀመሪያ አየርላንድ፣ ከዚያ ህንድ ልትሄድ ነው። እናትና ልጅ ከዚያ በኋላ አልተያዩም።

ያቺ ልጅ ኋላ ላይ ዓለም ማዘር ቴሬዛ ብሎ ያወቃቸው እናት ናቸው።

ዘራቸው አልባኒያዊ ነው፤ የተወለዱት ስኮፕዬ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸው ድራና ናቸው። ከድራና ማዕድ ድሃ አይጠፋም ነበር።

ማዘር ቴሬዛ ካልካታ ውስጥ የሎሬቶ ሲስተሮች ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተማሩ፣ ርዕሰ መምህርም ሆኑ። በ1946 ግን ባቡር ላይ እያሉ አንድ ሐሳብ መጣባቸው፦ ገዳሙን ትቶ ከድሆች ጋር መኖር። ፈቃድ እስኪያገኙ ሁለት ዓመት ገደማ ጠበቁ። ከዚያ ሰማያዊ ጥለት ያለው ርካሽ ነጭ ሳሪ ለብሰው ብቻቸውን ወጡ። የድሆች ሰፈር ገብተው መሬት ላይ በእንጨት ፊደል እየጻፉ ልጆች ማስተማር ጀመሩ።

መጀመሪያ የተከተሏቸው የድሮ ተማሪዎቻቸው ናቸው። በ1950 ቫቲካን ማኅበሩን ስትፈቅድ ሲስተሮቹ ደርዘን ገደማ ነበሩ። በ1952 መንገድ ላይ ወድቀው የሚሞቱ ሰዎች በክብር እንዲሞቱ ቤት ከፈቱ። በ1965 ከህንድ ውጭ የመጀመሪያው ቤት ቬንዝዌላ ተከፈተ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ድራና ቲራና፣ አልባኒያ ነበሩ። የኤንቨር ሆጃ መንግሥት አገሪቱን ዘግቷል። እናትና ልጅን ለማገናኘት የተደረገው ልመና ሁሉ ከንቱ ቀረ። ድራና በ1972 አረፉ።

በዓመቱ ማዘር ቴሬዛ አዲስ አበባ መጡ። ጃንሆይ ፈቀዱላቸው፣ ሲስተሮቹም ሥራ ጀመሩ። በ1977 ድርቁ ጊዜም (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ተመልሰው መጥተዋል። ስድስት ኪሎ ያለውን ቤታቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

በ1979 የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰዱ። በቤቶቻቸው የሚሰጠው ሕክምና ደካማ ነው የሚል ትችትም ገጥሟቸዋል።

አልባኒያ ለመግባት የተፈቀደላቸው በ1989 ነው። እናታቸውን መቃብር ውስጥ አገኟቸው። በ1991 እዚያው ቲራና ለድሆች ቤት ከፈቱ።

በ1997 ሲያርፉ ሲስተሮቹ 4,000 ገደማ፣ ያሉባቸው አገሮች ከ120 በላይ ነበሩ። ስንት አገር በር የከፈተላቸው ሴት፣ የገዛ እናታቸው በር የተከፈተላቸው እናታቸው ከሞቱ ከ17 ዓመት በኋላ ነው።