የአሲድና የቤዝን ባህርይ የገለጡት ስዊድናዊ ሊቅ

የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሊቁ ስቫንቴ አርሄኒየስ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1859 በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ አቅራቢያ ቪክ በተባለ ስፍራ ተወለዱ።

አርሄኒየስ በ1884 ለዶክትሬት ዲግሪ ማሟያ ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት በውሃ የሟሙ ንጥረ ነገሮች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉበትን ሁኔታ የሚመለከት ነበር። ይሁንና ገምጋሚዎቹ ዝቅተኛ ውጤት በመስጠታቸው የ25 ዓመቱ ወጣት በዩኒቨርሲቲው የማስተማር ተስፋቸው መነመነ።

አርሄኒየስ በዚህ ሳይበገሩ የጥናቱን ቅጂ በውጭ ሀገራት ለሚገኙ ታዋቂ ምሁራን ላኩ። በሪጋ ያስተምሩ የነበሩት ዊልሄልም ኦስትቫልድ የጥናቱን ፋይዳ በመረዳት በዚያው ዓመት ወደ ኡፕሳላ ተጉዘው አነጋገሯቸው፤ የሥራ ቦታም አቀረቡላቸው። ይህን ተከትሎ ዩኒቨርሲቲው በመምህርነት ተቀበላቸው።

በ1887 በተሟላ መልኩ ይፋ ባደረጉት ንድፈ ሃሳብ መሠረት አሲዶች፣ ቤዞችና ጨዎች በውሃ ሲሟሙ ኤሌክትሪክ ባይላክባቸውም የኤሌክትሪክ ሙል ወይም ቻርጅ ወዳላቸው አዮኖች ይለያያሉ። አሲድ የሃይድሮጂን አዮን፣ ቤዝ ደግሞ የሃይድሮክሳይድ አዮን ይሰጣል፤ ሁለቱ አዮኖች ሲገናኙ ውሃ ይሆናሉ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሲለያይ፣ በኮምጣጤ ውስጥ ካለው አሴቲክ አሲድ የሚለያየው ግን ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ብርቱ እና ደካማ አሲድ የሚባሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከውሃ ጋር በኃይል የሚዋሃደው ሶዲየምና መርዛማው ክሎሪን በጨው ውሃ ውስጥ ተለያይተው ሊኖሩ አይችሉም የሚል ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። ሆኖም ሙል ያለው አዮን ሙል ከሌለው አቶም ፍጹም የተለየ ባህርይ እንዳለው በሂደት ግልጽ ሆነ። ጨው የሟሟበት ውሃ፣ በሞለኪውል ቁጥር እኩል የሆነ ስኳር ከሟሟበት ውሃ ይልቅ የመርጊያ ሙቀቱ ሁለት እጥፍ ገደማ ዝቅ ማለቱም ሃሳቡን አጠናከረ።

አርሄኒየስ ለዚሁ ንድፈ ሃሳብ በ1903 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው ስዊድናዊ ሆኑ። ከ1905 ጀምሮም የኖቤል የፊዚካል ኬሚስትሪ ኢንስቲትዩትን በኃላፊነት መርተዋል።

ብሮንስቴድና ሎውሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1923 የአሲድና የቤዝን ትርጉም አስፍተዋል። አርሄኒየስም ኦክቶበር 2 ቀን 1927 በስቶክሆልም በ68 ዓመታቸው አረፉ። የአፈርና የመጠጥ ውሃ አሲዳማነት ዛሬም የሚለካው፣ በአንድ ወቅት ዝቅተኛ ውጤት ከተሰጠው ጥናት በተነሳው ግንዛቤ፣ በሃይድሮጂን አዮን መጠን ነው።