የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክና ለዕድራችን የሚሰጠው ትምህርት

በየዓመቱ በዚህች መጽሔት እንድንጽፍ ስንታዘዝ ስለ መዋጮና ስለ ቅጣት ነበር የምንጽፈው። ዘንድሮ ግን ስለ አንድ የኳስ ሰው ለመጻፍ ተነሥተናል። ኳስና ዕድርን ምን አገናኛቸው የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስከ መጨረሻው ለታገሠን ሰው መገናኛውን እናሳያለን።

ሰውየው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ በጅማ ከተማ ነው። አባታቸው ስመ ጥሩው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ በአጼ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥምና በጨዋታ አዋቂነታቸው አገር ያወቃቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን በድምፅ ሳይሆን በእግር መጡ። አዲስ አበባ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገብተው ሲማሩ ኳስ ልባቸውን ወሰደችው።

በ1928 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ቡድን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ታዲያ ጣልያን በከተማው ሰውን በቀለም ለየ። የነጭ ሰፈር ሌላ፣ የአገሬው ሰፈር ሌላ ሆነ። ኳሱም እንደዚሁ ነው። ነጮቹ ለብቻቸው ይጫወታሉ፣ ሐበሻው ለብቻው። ወጣቱ ይድነቃቸው ያደጉት በዚህ ዓይነት ሜዳ ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ ላይ የሠሩትን ሁሉ የሚያስረዳው ይኸው ነው።

ጠላት ከወጣ በኋላ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ውድድር ሲጀመር አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። የእንግሊዞች ነበር፣ የጣልያኖች ነበር፣ የአርመኖች ነበር፣ የግሪኮች ነበር። የኢትዮጵያውያን የሆነው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ለዚህ ቡድን 23 ዓመት ሙሉ ተጫወቱ። በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ተመዝግቦላቸዋል። ለአገራቸው ብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ያን ጊዜ ኳስ ደመወዝ የሚያበላ ሥራ አልነበረም። እንዲያው በፍቅር ነው የሚሠራው፣ ልክ እኛ ዕድሩን በፍቅር እንደምናገለግለው ማለት ነው።

መጫወቱን ሲተዉ ማሠልጠኑን ያዙ። በአሠልጣኝነታቸው ዘመን ትልቁ ሥራ የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር ሁለት ጊዜ በግብፅ ተሸንፋለች። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ 4 ለ 0፣ በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ደግሞ እንደገና 4 ለ 0። ለሦስተኛው ዋንጫ ተራው የአዲስ አበባ ሆነ።

የኛ አገር ሰው ያንን ዘመን የሚያስታውሰው በሌላ ነገር ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ካራቆሬና አካባቢዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናወጠች። መጀቴ ፈረሰች፣ ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ። እኛ ያኔ ገና ጡት ያልጣልን ሕፃናት ነበርን። ያሳደጉን ሰዎች ሲያወሩን ግን ማን ክርስቲያን ማን እስላም፣ ማን የድሮ ሰው ማን መጤ ሳይባል ሰው አብሮ ሜዳ ላይ ማደሩን ይነግሩን ነበር። ዋንጫው የመጣው ከዚያ መከራ ስምንት ወር ሳይሞላ ነው።

ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፉ። ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ከግብፅ ጋር ለዋንጫ ተጋጠሙ። ግብፅ ቀድማ አገባች። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። ወዲያው ግብፅ ደገመች። በዚህ ጊዜ ሌላ ቡድን ቢሆን ተስፋ በቆረጠ ነበር። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን አገባና 2 ለ 2 ሆኑ። በተጨማሪው ሰዓት የአምበሉ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው።

እስቲ ስሞቹን እንያቸው። ሉቺያኖና ኢታሎ አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው ኤርትራዊት ናቸው። ተክሌ አለ፣ መንግሥቱ አለ፣ አዋድ መሐመድ አለ። አሠልጣኙ በጣልያን ዘመን በቀለም ተለይተው የተጫወቱ ሰው ናቸው። ቂም ቢይዙ ምክንያት አላጡም። እርሳቸው ግን የጣልያን ልጅ አምበል የሆነበትን ቡድን ይዘው ገቡና ለአገራቸው ዋንጫ አስገኙ። ሜዳ ላይ ያለ ሁሉ እኩል ነው የሚለውን በአፋቸው ሳይሆን በሰልፋቸው አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ያንን ዋንጫ ደግማ አላገኘችውም።

ከአሠልጣኝነቱ ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ነበራቸው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲቋቋም መሥራቾቹ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው በኢትዮጵያ በኩል ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ካልሆነ የተቀላቀለ ቡድን አንልክም አሉ። የቀሩት አይሆንም ብለው ከውድድሩ አስወጧቸው። በዚያ ጊዜ ማኅበሩ ገና መወለዱ ነበር፣ አባላቱም አራት ብቻ። ከአራት አንዱን ማስወጣት ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የአባልን እኩልነት የማይቀበል አባል ካለ ማኅበሩ ከሥሩ ይበላሻል ብለው ቆረጡ። አቶ ይድነቃቸው ከዚያ በኋላም ነገሩን አልተዉትም። በ1968 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ፈጽሞ እስኪያሰናብት ድረስ ሲከራከሩ ኖረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1958 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ 16 ቦታ ነበር። ለአፍሪካ የተመደበላት ግን አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ አይደለም። አፍሪካን ያሸነፈ ቡድን ከእስያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ከረታ ብቻ ይግባ ተባለ። በአጭሩ ግማሽ ቦታ ማለት ነው። የአፍሪካ አገሮች መዋጯቸውን እንደማንም አባል ይከፍላሉ፣ ደንቡን እንደማንም ያከብራሉ፣ ሲደርሳቸው ግን ግማሽ። የኢትዮጵያው አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን ተቃወሙ። አፍሪካም ባንድ ድምፅ ከውድድሩ ቀረች። ግማሹን ተቀብለን ቀስ እያልን እንለምን የሚል ምክር አልያዛቸውም። ውጤቱም ብዙ ሳይቆይ መጣ። በ1962 ዓ.ም. ለሜክሲኮው ውድድር አፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ አገኘችና ሞሮኮ ሄደች። በ1974 ዓ.ም. ሁለት ሆነና አልጄሪያና ካሜሩን ስፔን ሄዱ። አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ዓለም ጉድ አለ። ቦታው ችሮታ እንዳልነበረ ታወቀ።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። አገራቸው ከንጉሥ ወደ ደርግ ስትዞር እርሳቸው በሥራቸው ላይ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲደረግም እርሳቸው ነበሩ የበላዩ። ፕሬዚዳንትነቱን እንደያዙ በካንሰር ሕመም በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ ዕለት፣ አረፉ። 65 ዓመታቸው ነበር። በዕንቁጣጣሽ መጥተው በቡሄ ሄዱ።

እንግዲህ መገናኛውን እናሳያለን ብለን ነበር። ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን ያየውን መከራ ሁላችን እናውቃለን። ቀዬአቸውን ለቀው እኛ ሰፈር የተጠጉ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ወደ ዕድሩ ግቡ ስንላቸው በደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ። አዲስ ገቢዎች ወርሃዊውን መዋጮ ሙሉ ይክፈሉ፣ ሐዘን ሲደርስባቸው ግን እስከ አምስት ዓመት የሚሰጣቸው ገንዘብ ግማሽ ይሁን የሚል ነው። ያንን አንቀጽ የጻፍነው እኛው ነን። በወቅቱ ለካዝናው ደግ ያደረግን መስሎን ነበር። በዕድሜ ልክ የጽሕፈት ሥራችን ብዙ ደብዳቤ ጽፈናል፤ ይህን ያህል የቆጨን ጽሑፍ ግን የለም።

ባለፈው ክረምት ከአዲስ ገቢዎች አንዲት እናት ልጃቸው ሞተባቸው። ድንኳኑ ተተከለ፣ ሰው ወጣ፣ ቀብሩም በወጉ ተፈጸመ። ገንዘቡን ለመስጠት ስንሄድ ግማሹን ይዘን ሄድን። እናቲቱ ምንም ሳይናገሩ ተቀበሉ፣ ፈረሙም። መዝገቡን ዘግተን ወጣን፤ ያን ለሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደንም። ሙሉ ከፍሎ ግማሽ መውሰድን እነ አቶ ይድነቃቸው ለኳስ እንኳ እምቢ ብለዋል። ለሞት እንዴት እሺ ይባላል?

ስለዚህ በዘንድሮው ጠቅላላ ጉባዔ አንቀጹ እንዲሰረዝ፣ ለእናቲቱም ቀሪው ግማሽ እንዲከፈላቸው ሐሳብ እናቀርባለን። ካዝናው ይጎዳል የሚል ካለ ሂሳቡን አብረን ቁጭ ብለን እናያለን፤ ወርሃዊው መዋጮ ትንሽ ከፍ ቢል ለሁላችንም እኩል ከፍ ይበል። አባላት እንድታስቡበትና ጉባዔው ላይ እጃችሁን እንድታወጡልን በአክብሮት እንለምናለን።

ፈጣሪ የሞቱትን ነፍስ ይማር፣ ለቀረነው መስማማቱን ይስጠን።