ሥጋ በል ተክሎችን ያሳደገው ዳርዊን

እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ በ1860 በሃርትፊልድ አካባቢ ድሮሴራ የተባለች ትንሽ ተክል አስተዋለ፤ በሚያጣብቁት ቅጠሎቿ ላይ ዝንቦች ተይዘው ሞተዋል። በመኖሪያው አሳድጎ መረመራት። ጥሬ ሥጋ፣ ወተትና የእንቁላል ነጭ ሲሰጣት ቅጠሏን አጥፋ ፈጨችው፤ ስኳርና ስታርች ግን አላነቃነቋትም። የምትሻው ናይትሮጂን ነበርና። የምትበቅልበት አፈር ድሃ ነው፤ አርሶ አደር በፍግ የሚሞላውን ጉድለት እርሷ በአደን ትሞላለች።

ዳርዊን ግኝቱን በ1875 በመጽሐፍ ቢያሳትምም፣ ተክሏ ከሥጋው በእርግጥ መጠቀሟን የተጠራጠሩ አልጠፉም። ልጁ ፍራንሲስ ከተክሎቹ ግማሾቹን ሥጋ እየመገበ፣ ግማሾቹን እየከለከለ አሳደገ፤ የተመገቡት እጅግ የበለጠ ዘር ሰጡ። ውጤቱ በ1878 ሲታተም አባት በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ1882 ነው።