አባ ታጠቅ፦ የቋራው ካሣና የፈረስ ስሙ

የአንድ ድንጉላ ፈረስ ታሪክ በሦስት ነገር ይመዘናል፤ በሩጫው፣ በወለዳቸው ውርንጭሎችና በዘር ሐረጉ። እንግሊዞች ቶሮብሬድ የሚሉትን የእሽቅድምድም ፈረስ ዘር ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በታተመ መዝገብ ይዘውታል። የዚህ ዘር ፈረስ ሁሉ በአባቱ በኩል ሲቈጠር፣ ከምሥራቅ አገር ከመጡት ሦስት ድንጉሎች ወደ አንዱ ይደርሳል። በ1764 እ.ኤ.አ. የተወለደው ታዋቂው ኤክሊፕስ ከሦስቱ አንዱ ለሆነው ለዳርሊ ዐረብ አራተኛ ትውልድ ሲሆን፣ 18 ጊዜ ተወዳድሮ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ ወደ ርቢ ተመለሰ። የልጆቹም ድል በየስማቸው ተጽፎ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ልማድ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። ፈረሱ በጌታው ስም በመታወቅ ፈንታ ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ተብለዋል። ይህም የመጨረሻው ስም ከሰው አልፎ ወደ ኮርያ ለዘመተው የቃኘው ሻለቃ መጠሪያ ሆኗል። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የገነነው ግን አባ ታጠቅ፣ ማለት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። የእርሳቸውም ታሪክ ከዘር ሐረግና ከሩጫ የቱ እንደሚበልጥ የሚጠይቅ ታሪክ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ከቋራ መኳንንት ወገን ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ። አባቱ ከሞቱ በኋላ እናትና ልጅ በችግር ላይ ወደቁ፤ ወይዘሮ አትጠገብም በጎንደር ኮሶ እየሸጡ ኖሩ ተብሎ በጠላቶቹ ዘንድ መሳለቂያ ሆነ። ኮሶ የሆድ ትልን የሚያወጣ፣ ከድኻው ጎጆ እስከ ቤተ መንግሥት የማይቀር መድኃኒት ነበር፤ የሸጠው ሰው ግን ይናቅ ነበር። ይህ ስድብ ካሣን እስከ ዙፋን ድረስ ተከትሎታል።

ልጁ በጣና አካባቢ በሚገኘው በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ፊደል ቈጠረ። ገዳሙ በሽፍቶች ሲወረር ካሣ ከጥፋቱ አምልጦ ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ገባ። በዚያም ጦርና ጋሻ ይዞ መጋለብን ተማረ። በዘመኑ የመኳንንት ልጅ ትምህርት ቤቱ ጉግስ ነበር። የአገሩ ፈረሰኛ በአውራ ጣቱ ብቻ ጠባብ እርካብ ረግጦ፣ በአንድ እጁ ልጓም፣ በሌላው በትር ይዞ በሙሉ ግልቢያ እየዞረ ይወረውርና ይመክት ነበር። የሰሜን ጣና ሜዳ፣ ከጎርጎራ በደንቢያ በኩል እስከ ማክሰኝት ድረስ ያለው ለጥ ያለ አገር፣ ለእንዲህ ያለው ፈረሰኛ የተመቸ ነበር።

ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ ርስቱና ሹመቱ ወደ እቴጌ መነን እጅ ገባ። ካሣም ሸፈተ። ያለ ርስት፣ ያለ ሹመት፣ በጥቂት ተከታዮች የጀመረው ይህ ዘመን የሩጫው መነሻ ነው። እቴጌይቱ ሊያስገብሩት ከላኳቸው የጦር አለቆች አንዱ ወንድይራድ የኮሶ ሻጪይቱን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ እንደ ነበር፣ በተማረከም ጊዜ ካሣ ኮሶ አስጠጥቶ እንደ ቀጣው ይነገራል። በሰኔ ወር 1839 ዓ.ም. እቴጌ መነን ራሳቸው ተማረኩ። ራስ አሊም እናታቸውን ለማስለቀቅ ካሣን ሹመው ታረቁ፤ ልጃቸው ተዋበችም ቀደም ብላ ሚስቱ ሆና ነበር።

በ1840 ዓ.ም. ግን ካሣ በደባርቂ በግብፆች ላይ ዘምቶ ተሸነፈ። ደፋር ፈረሰኛ በመድፍና በምሽግ ፊት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ያየው በዚያ ነው። የመድፍና የሠለጠነ ሠራዊት ምኞቱ ከዚህ ሽንፈት በኋላ አልተለየውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ፈጣን ነው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ፤ ጎሹም በጦርነቱ ላይ ወደቁ። በሚያዝያ ወር በጎርጎራ ብቅ ያለውን የራስ አሊን ጦር ሰበረ፤ በሰኔ ወር ራስ አሊን ራሳቸውን በአይሻል ድል ነሣ። ከዘመነ መሳፍንት ታላላቅ የፈረሰኛ ውጊያዎች የመጨረሻው ይህ ነው። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ማረከ፤ በሁለተኛው ቀን በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ።

ከዘውዱ ጋር የዘር ጥያቄ ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሰሎሞን ነገድ እንደሚወለዱ አሳወጁ፤ ባላንጣዎቻቸው ግን ኮሶውን አልረሱም። የገዛቸው ኀይል በዘር መጽሐፍ ላይ ያልተመሠረተ ስለ ነበረ፣ በየዓመቱ በአዲስ ድል መጽናት ነበረበት። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ዓመፁ በየአውራጃው በዛ፤ ቅጣቱም ከረረ። በጋፋት ያሠሩት ታላቁ ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የተጓዘው በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው። በፈረስ ስም የተጠሩት ንጉሥ በመጨረሻው ዘመቻቸው የሚመኩት በፈረስ ሳይሆን በብረት ሆነ።

የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ሲመጣ ከ13 ሺህ ያህል ወታደር ጋር እጅግ ብዙ የጭነት እንስሳትና 44 ዝሆኖች ነበሩት። በዙላ ወደብ ግን ፈረሶችና በቅሎዎች በብዛት አለቁ። የውሃና የመኖ እጥረት፣ ከዚህም በላይ ዛሬ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በመባል የሚታወቀው ተስቦ እንደ ጨረሳቸው የኋላ አጥኚዎች ያምናሉ። ይህን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ እንደሆነ የታወቀው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ነው፤ የሚያስተላልፉትም ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ናቸው። ደጋውን የደረሱት እንስሳት ብዙዎቹ ተረፉ፤ የኢትዮጵያም ፈረስ ከጥንት ጀምሮ የደጋ እንስሳ ሆኖ የኖረው ቈላው ስለሚፈጀው ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዘው ከተራራው ወረዱ፤ በጠመንጃና በሮኬት ፊት ከብዙ መቶ ሰዎች ጋር ወደቁ። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ከጥቂት መኳንንት ጋር በእስላምጌ ሜዳ ፈረሳቸውን እየጋለቡ እንግሊዞችን ለአንድ ለአንድ ግጥሚያ ሲጣሩ ታዩ። ግጥሚያውን የተቀበለ አልነበረም። በዚያው ቀን መቅደላ ሲሰበር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ። የተዘረፈውን ቅርስ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል።

ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በሕፃንነቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። የኤክሊፕስ ልጆች የአባታቸውን ስም በሜዳ ላይ ሲያስጠሩ ኖረዋል፤ የአባ ታጠቅ ልጅ ግን ለዘመቻ ሳይደርስ በባዕድ አገር ቀረ። ስማቸውን ያቆየው የዘር ሐረግ ሳይሆን የሠሩት ሥራ ነው፤ አንዲት ኢትዮጵያን የመመለስ ሐሳብ ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ነገሥታት ሁሉ ወርሰውታል።

ለእንስሳት ሐኪምና ለርቢ ባለሙያ የዚህ ታሪክ ትርፍ ሌላም ነው። የአገሩ ሰው የፈረሱን መልክ፣ ጠባይና ስም በቃሉ ሲያስታውስ ኖሯል፤ ድንጉላውንና ባዝራውን፣ ዕድሜውንና በሽታውን በመዝገብ መያዝ ግን ልማዱ አልነበረም። በ21ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የተደረገ ጥናት በኢትዮጵያ ስምንት የፈረስ ዓይነቶችን ለይቷል፤ የሐበሻ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የኦጋዴን፣ የሰላሌና የቁንዱዶ የሚባሉት ናቸው። ከእነዚህ መካከል የሐበሻው ፈረስ የአባ ታጠቅ አገር ፈረስ ነው። ዛሬ በሰሜን ደጋ ጭነት የሚሸከመውና በጥምቀት ጉግስ የሚጋለበው ይኸው ፈረስ ነው። የጌቶቹ ስም በፈረሱ ምክንያት ከተረሳ ይልቅ ከታወሰ፣ ለፈረሱም በተራው ስሙንና ዘሩን የሚያቆይለት መዝገብ ይገባዋል።