ብሩሽ ያልያዘችው ሠዓሊ

እ.ኤ.አ. በ1872 ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድዋር ማኔ የአንዲት ሴት ምስል ሣለ። ልብሷም ባርኔጣዋም ጥቁር ነው፤ ደረቷ ላይ ትንሽ የቫዮሌት አበባ አለ። ዓይኖቿ አረንጓዴ ነበሩ፤ እሱ ግን ጥቁር አደረጋቸው። ሥዕሉ ዛሬ በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ያየው ሁሉ ቆንጆ ሴት ብሎ ያልፋል። ሴትዮዋ ግን ራሷ ሠዓሊ ናት፤ ስሟም ቤርት ሞሪዞ ይባላል።

ቤርት በ1841 ቡርዥ በምትባል ከተማ ተወለደች። በዚያ ዘመን የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴት አይቀበልም ነበር፤ በሩ የተከፈተው በ1897 ነው። ስለዚህ ከእህቷ ከኤድማ ጋር በግል መምህር ተማረች። በ1864 የሁለቱም ሥራ ሳሎን በሚባለው ትልቅ ዐውደ ርእይ ላይ ታየ። ኤድማ በ1869 አገባችና ሥዕሉን ተወች ማለት ይቻላል። ቤርት ቀጠለች።

ማኔ ከአሥር ጊዜ በላይ ሥሏታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ብሩሽ አላስያዛትም። እናቷንና እህቷን የሣለችበትን ሥራ ላርምልሽ ብሎ ብዙውን በራሱ እጅ ሲቀይረውም እጅግ አዘነች። ሆኖም ወዳጅነታቸው አልፈረሰም።

በ1874 ከሳሎን የተለዩ ሠዓልያን የራሳቸውን ዐውደ ርእይ ሲከፍቱ ማኔ ቀረ፤ እሷ ገባች። እነዚህ ናቸው በኋላ ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የማኔን ወንድም ኤዠንን አገባች፤ ሥዕሎቿን ግን በራሷ ስም መፈረሟን ቀጠለች። ከስምንቱ ዐውደ ርእዮች የቀረችው ከአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ልጇን ጁሊን ከወለደች በኋላ በ1879 የተካሄደው ነው።

በ1895 ጁሊ ታመመች። እናት ስታስታምም በሽታው ያዛትና በ54 ዓመቷ አረፈች። በመቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎች ትታ ሄደች። በሞት የምስክር ወረቀቷ ላይ የሰፈረው ግን ሥራ የሌላት የሚል ነው፤ መቃብሯም የኤዠን ማኔ መበለት መሆኗን እንጂ ሠዓሊነቷን አይናገርም።

ይህን ሳነብ የማኅበራችን የአባላት መዝገብ ትዝ አለኝ። ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ እህታችን ሥራ በሚለው ቦታ ላይ የለም ብላ ታስሞላለች። ቤርትን ሥራ የላትም ብለው የጻፉት ሌሎች ናቸው፤ እኛ ግን በገዛ አፋችን እናስጽፋለን። በሚቀጥለው ምዝገባ፣ እህቶቼ፣ ያንን ቦታ በትክክል እንሙላው።