ስታይንሜትዝ፦ ከወደብ ሊመለስ የነበረው መሐንዲስ

የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ሆኖ «ጄ»ን የማያውቅ የለም። የኤሲ ሰርኪት ስንጀምር ትመጣና ታስጨንቀናለች፤ ብዙዎቻችን ቀመሩን ሸምድደን ፈተናውን እናልፋለን። ይህችን ፊደል ከማንም በላይ የመሐንዲሶች የዕለት መሣሪያ ያደረጋት ማን እንደሆነ ግን ብዙም አንጠያየቅም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ላስተዋውቃችሁ የፈለግኩት ይህንኑ ሰው፣ ቻርልስ ስታይንሜትዝን ነው።

ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. በ1865 በብሬስላው ተወለደ። ከተማዋ ያኔ በፕሩሲያ ሥር ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ትገኛለች። እንደ አባቱና እንደ አያቱ ሁሉ ጀርባው የጎበጠ፣ ቁመቱም በጣም አጭር ነበር። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሲማር ከሶሻሊስት ተማሪዎች ጋር ገጠመና ፖሊስ ይከታተለው ጀመር። በ1888 የዶክትሬት ዲግሪውን ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው ወደ ስዊዘርላንድ ሸሸ።

በ1889 ከጓደኛው ከኦስካር አስሙሰን ጋር በመርከብ ኒውዮርክ ገባ። የወደቡ ሹሞች ያዩት ገንዘብ የሌለው፣ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይችል፣ ጎባጣ ወጣት ነበር፤ ሊመልሱት ምንም አልቀራቸው። አስሙሰን ዋስ ሆነለትና አለፈ። ሥራ የሰጠውም ሩዶልፍ አይከማየር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ስደተኛ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ምን ሠራ? በዚያን ጊዜ የሞተርና የትራንስፎርመር ብረት ምን ያህል ኃይል በሙቀት መልክ እንደሚያባክን የሚታወቀው መሣሪያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነበር። ስታይንሜትዝ በ1892 ባቀረበው የሂስቴሪሲስ ሕግ ብክነቱን አስቀድሞ ማስላት ተቻለ። በ1893 ደግሞ በቺካጎ ጉባኤ ላይ የኤሲ ስሌት በኮምፕሌክስ ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ አሳየ። ገጽ ሙሉ የሚፈጀው የዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ጣጣ ወደ ተራ አልጀብራ ወረደ ማለት ነው። ያኔ ዘዴው ብዙ ሰው አልገባውም፤ እሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ መማሪያ መጻሕፍት እየጻፈ አስረዳ።

ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ሠራ። ከ1902 ጀምሮ በስኬነክተዲ ከተማ በሚገኘው ዩኒየን ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ፤ የከተማዋን የትምህርት ቦርድም መርቷል። በ1922 በቤተ ሙከራው ሰው ሠራሽ መብረቅ ፈጠረ፤ ዓላማው የኤሌክትሪክ መስመሮችን ከመብረቅ የሚከላከሉ መሣሪያዎችን ለመፈተን ነበር። ጉብጠቱ ወደ ልጆች እንዳይተላለፍ ፈርቶ አላገባም ይባላል። ሆኖም ረዳቱን ጆሴፍ ሄይደንን በሕግ ልጁ አድርጎ ከነቤተሰቡ አብሮት አኖረው፣ የልጅ ልጆችም አየ። በ1923 ሲሞት ወደ 200 የሚጠጉ ፓተንቶች ነበሩት።

እኔን ግን ከፓተንቶቹ ቁጥር ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። ስታይንሜትዝ ከባዱን ሒሳብ ለራሱ ብቻ ይዞ መኩራራት ይችል ነበር እኮ! እሱ ግን ማንኛውም መሐንዲስ እንዲሠራበት አቀለለው። ሹሞቹ ደግሞ ይህን ሁሉ የተሸከመውን ሰው በመልኩና በኪሱ መዝነው ሊመልሱት ነበር። እኛም ነገ መሐንዲስና አስተማሪ ስንሆን በር ላይ የምንቆምበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ሰውን በምን እንደምንመዝን ከአሁኑ ብናስብበት መልካም ነው እላለሁ።